የናሆም ተራ

ባለፈው ጥር ከጉቴ ወደ ነቀምቴ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰውዬ የበቆሎ ጆንያ እግሬ ላይ አሳረፈብኝ። ፈገግ አለና ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ጆንያው ግን እዚያው ቀረ። ልቆጣ አፌን ስከፍት ሽታው ቀደመኝ። ፀሐይ ላይ የዋለ በቆሎ፣ ትንሽ አቧራ፣ ትንሽ ቃጫ፣ ትንሽም የአይጥ ነገር ያለበት ሽታ ነው። ቁጣዬን ረሳሁት። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን አዴ ዲንቄ ግቢ፣ በቆሎ የሚፈለፈልበት ሸራ ጫፍ ላይ፣ ታናሽ ወንድሜን ናሆምን በክርኔ እየጎሸምኩ ተቀምጫለሁ።

ያን ዓመት ያኔም አልገባኝም ነበር፣ ዛሬም አልገባኝም። "ስታድጊ ይገባሻል" ያሉኝ ሰዎች ሁሉ ዋሽተውኛል።

ነቀምቴ የመጣነው ከደብረ ማርቆስ ነው፤ አባቴ መንገድ ሥራ ላይ ተመድቦ። ናሆም ያኔ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ከአፉ ግን ቃል አልወጣም። ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ በጣቱ ያሳያል። "እማ" እንኳን አይልም። እናቴ መጀመሪያ "ወንድ ልጅ ይዘገያል" ትል ነበር። በኋላ አንድ ቀን ገበያ ላይ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ አናገረችው፤ ዝም ሲላት ቀና አለችና "ዲዳ ነው እንዴ?" ብላ ጠየቀች፤ ክፋት ሳይኖራት፣ የቲማቲም ዋጋ እንደምትጠይቅ ሆና። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢያችን በር ከውስጥ ተቀረቀረ።

ቤታችን ውስጥ ወሬ ነበር፤ ለናሆም ግን አልነበረም። አባቴ ከሥራ ሲመጣ ሬዲዮኑን ይከፍታል። እናቴ ድሮ ታወራለት እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ መልስ ሲጠፋ እየቀነሰች መጣችና በመጨረሻ በዝምታ ታጥበዋለች፣ በዝምታ ታጎርሰዋለች። አልፈርድባትም፤ የማይመልስ ሰው ማናገር ያደክማል። የሚናገርለት እኔ ነበርኩ። ጣቱን ወደ ባልዲው ካነሳ "ውኃ ጠምቶታል" እላለሁ። ቆይቶም ጣቱን ሳያነሳ ማወቅ ጀመርኩ። "ናሆም ያንኛውን ካልሲ ነው የሚፈልገው።" "ናሆም እንቅልፉ መጥቷል።" ሰው ሁሉ "ጎበዝ እህት" ይለኝ ነበር፤ እኔም በዚህ ሥራዬ ደረቴን እነፋ ነበር።

እናቴ እርጉዝ ነበረች። ያመማት ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ናሆምንም በዚያው አሳየችው። ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰውዬ ከናሆም ጀርባ ሆኖ ቁልፎቹን አንሿሿ። ናሆም ዞረ። "ጆሮው ደህና ነው" አለ ሰውዬው። "ከልጆች ጋር ይዋል። አንቺ ደግሞ ተኝተሽ እረፊ።" እናቴ መንገዱን ሙሉ ተናደደች። "ከልጆች ጋር ይዋል ማለት መድኃኒት ነው? እንክብል አይሰጥም? ቢያንስ መርፌ!" እኔም በልቤ ሰውዬው ሰነፍ ነው አልኩ። ሐኪም የሚባለው መርፌ የሚወጋ ነው ብዬ ነበር የማምነው።

እረፊ የተባለች እናት ልጆች ማሯሯጥ አትችልምና፣ በሩ ተከፈተ። የከፈተችው ጎረቤታችን አዴ ዲንቄ ነች። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ እሑድ እሑድ መዝሙሯ አጥር ተሻግሮ የሚሰማ ሴትዮ ነበረች። ወንድሞቿ ጉቴ ያርሱ ስለነበር በየዓመቱ በቆሎ ሲደርስ በጭነት መኪና ይልኩላታል። እናቴን አማርኛዋን ከኦሮምኛ እየቀላቀለች "ሃዳ ሰላም፣ አንቺ ተኚ" አለቻት። የሰላም እናት ማለቷ ነው፤ ሰላም እኔ ነኝ። "ይሄ ልጅ ጠዋት ጠዋት እኛ ጋ ይሁን። ሰላምም ከትምህርት ቤት ስትመጣ ኮቱ እላታለሁ፣ ትምጣ። በቆሎው እንደሆነ ብዙ ነው።"

"አዴ ዲንቄ፣ እሱ እኮ አይ..." እናቴ ቃሉን መጨረስ አልቻለችም።

"አውቃለሁ፣ ትንሽ ነው። ትንሽ ልጅም ይፈለፍላል።"

እናቴ ሌላ ነገር ልትል ነበር። አዴ ዲንቄ ግን ናሆምን እጁን ይዛ ሄዳለች።

የበቆሎው ሥራ የልጆች ደቦ ነበር። ሰፊ ሸራ ይነጠፋል፣ የሰፈሩ ልጅ ዙሪያውን ይቀመጣል፣ ፍሬው ይፈለፈላል፣ ቆረቆንዳው ለማገዶ ከጀርባ ይወረወራል። እጅ ሲሠራ አፍ ደግሞ እንቆቅልሽ ይጫወታል። ጠያቂው "ሂቦ!" ይላል፣ ሁላችንም "ሂበካ!" እንላለን፤ እንደኛው "እንቆቅልሽ" እና "ምን አውቅልሽ" መሆኑ ነው። ገመቹ የሚባለው የአዴ ዲንቄ ልጅ ለኔ ሲል ጥያቄውን በአማርኛ ይደግምልኛል። ተራ የደረሰው ካላወቀ ለጠያቂው አገር ይሰጣል። "ቢያ ናፍ ኬኒ! አገር ስጪኝ!" ይላል ገመቹ፤ ሲሰጡት ደግሞ ይነሳና "ጎንደር ገባሁ፣ በሩንም ዘጋሁ!" እያለ ይጨፍራል።

አዴ ዲንቄ ግቢ ግን ሌላ ቦታ ያላየሁት ሕግ ነበር። ተራ የደረሰው እስኪመልስ ማንም አይፈለፍልም። "እጅ ሲንኮሻኮሽ ጆሮ ይሰንፋል" ትላለች፤ እጇን ታነሳለች፤ የፍሬው ኮሽታ ቀጥ ይላል። ትልቅ ትንሽ የለም። ማንም ተራው አይዘለልም።

የናሆም ተራ ሲደርስ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። አዴ ዲንቄ እጇን ሳታወርድ "ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ተራው የሱ ነው" ትለኛለች። እኔ ግን ምላሴ ከእጇ ይፈጥናል።

ግራ ያጋባኝ ሌላ ነገርም ነበር። አዴ ዲንቄ ናሆምን ታናግረዋለች። እንደ ሕፃን አባብላ ሳይሆን እንደ ሰው። "ዛሬ ዶሮዋ የት ገባች?" ትለዋለች፤ ዝም ትላለች፤ ዓይን ዓይኑን ታያለች፤ ራሷን ትነቀንቃለች። "እውነትህን ነው። እኔም እዚያ መስሎኝ ነበር።" እንደገና ትጠይቀዋለች፣ እንደገና ትጠብቃለች። እኔ አጠገባቸው ሆኜ አንዲት ቃል አልሰማም። እሱ ግን ፊቱ ይፈካል።

"አዴ ዲንቄ፣ ምን አለሽ?" ብዬ ጠየቅኋት አንድ ቀን።

"ይነግረኛል።"

"መቼ?"

"አንቺ ስትሄጂ" አለችና ቆረቆንዳውን ወደ ጀርባዋ ወረወረች።

ቅናት ያዘኝ። ወንድሜ ትላልቅ ሴቶች ብቻ የሚሰሙት ድምፅ አለው ብዬ ደመደምኩ። ማታ ማታ ጆሮዬን አፉ ላይ ለጥፌ አዳምጥ ነበር። የምሰማው ትንፋሹን ነው።

አገር መስጠቱም ያስፈራኝ ጀመር። ለገመቹ የተሰጠ አገር እውነት የተሰጠ ይመስለኝ ነበር፤ በሩ ከተዘጋማ ማን ይገባል? ጎንደርን ስሰጥ የጎንደር ሰዎች ማታ ቤታቸው መግባታቸውን አስቤ ተጨነቅሁ። ከዚያ አንድ ቀን ሌላ ስም ጠፍቶኝ ከነቀምቴ ወጣ ብላ ያለችውን ኡኬን ሰጠሁ። አባቴ በዚያው ቀን ለሥራ ኡኬ ሄዶ ነበር። ማታ አልመጣም። በማግስቱ ጠዋትም አልመጣም። ምግብ አልበላም ብዬ ሳለቅስ እናቴ "መኪናው ተበላሽቶ ይሆናል" አለችኝ፤ እኔ ግን በሩን ማን እንደዘጋበት አውቃለሁ። ወደ ገመቹ ሮጬ "ኡኬን ክፈት!" አልኩት። "ምን?" አለ። "ክፈት፣ አባቴ ውስጥ ነው!" ገመቹ ራሱን አከከና "እሺ፣ ከፍቻለሁ" አለ። አባቴ ከሰዓት በኋላ ልብሱ በግሪስ ጠቁሮ መጣ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ማን ያሳምነኝ?

የገና በዓል እንዳለፈ የአባቴ ታላቅ እህት፣ እቴቴ የሺ፣ በቡሬ በኩል አባይን ተሻግራ መጣች። የመጣችው ናሆምን ለመውሰድ ነበር። ማርቆስ አያቴ ጋ ተቀምጦ ጠበል ይጠመቃል፤ አፉ እስኪፈታ እዚያው ይኖራል። አባቴ ተስማምቷል። እናቴም ሕፃኑ ሊወለድ ስለደረሰ እያለቀሰች ተስማምታለች። እኔን የጠየቀኝ የለም። ናሆምንማ ማን ይጠይቀዋል? ማርቆስ የሚለው ስም ግን ቤቱን ሞላው። የማርቆስ አውቶቡስ፣ የማርቆስ ብርድ፣ ለማርቆስ የሚያዝ ሹራብ።

በመጣች ማግስት ምሳ ላይ እኔ እንደ ልማዴ "ናሆም ጠግቧል፣ ናሆም እንጀራው ጎምዝዞታል፣ ናሆም መውጣት ፈልጓል" እያልኩ ስደረድር እቴቴ የሺ ጉርሻዋን ይዛ ቀረች።

"እግዚዮ! አንች ልጅ ለራስሽም ለሱም ነው እንዴ የምትለፈልፊ? የሱን ድርሻ አንች ጨረስሽበት እኮ!"

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ቤታችን ውስጥ ድርሻ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ዳቦ ለሁለት ይቆረሳል፣ ብርቱካን ለሁለት ይከፈላል፤ የናሆምን ከበላሁበት ለናሆም የለም። ታዲያ ቃልም እንደዚያው ነው ማለት ነው። እግዚአብሔር ለኔና ለሱ የሰጠውን ቃል ብቻዬን በልቼ ጨርሼው!  የቀረ ካለ ብዬ አፌን ዘጋሁ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ዝንቡስ አልገባም፤ ቤቱ ግን ተረበሸ። ናሆም ጣቱን ያነሳል፣ ወደኔ ያያል፣ እኔ ግድግዳ አያለሁ። ቀሚሴን ይጎትታል። "እእ" ይላል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ "እእእ!" ይላል። እናቴ ከአልጋዋ "ሰላም፣ ምን ፈልጎ ነው?" ትለኛለች። ዝም። መጥታ ግንባሬን ዳበሰች። "ደግሞ አንቺን ምን ነካሽ?" ዝም።

"ተጋባባት!" አለች እቴቴ የሺ ደረቷን እየመታች። "ከልጁ ተጋባባት! ሁለቱንም ይዤ ልሂድ።"

አባቴ ሬዲዮኑን ዘጋ። ይህን ሲያደርግ ያየሁት ያኔ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። አጠገቤ ተንበርክኮ "ሰላምዬ፣ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፣ በይ ለአባትሽ አንድ ነገር በይ" አለኝ። ዓይኑ ውኃ ሞልቷል። መናገር ፈለግሁ፤ ምን ያህል እንደፈለግሁ! ግን አንድ ቃል ባወጣሁ ቁጥር ከናሆም እንደምቀንስ አስባለሁ። በዚያ ላይ ሌላ ጭንቀት መጣብኝ። ናሆም እንዳይወሰድ ማድረግ የምችለው ማርቆስን ለገመቹ በመስጠት ነው። ለመስጠት ግን መናገር አለብኝ። ደግሞስ አያቴ? ገመቹ በሩን ሲዘጋ ውስጥ ትቀራለች ወይስ ውጭ? የስድስት ዓመት ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ደረሰ።

የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ሸራው ላይ ነበርን። የናሆም ጓዝ ተቋጥሯል፣ አውቶቡሱ ማለዳ ነው። በቆሎውም ወደ ማለቁ ነው፤ ክምሩ አንሶ ከወዲያ ማዶ የተቀመጡት ልጆች ፊት ይታይ ነበር። እናቴ ሆዷን በእጇ ደግፋ፣ እቴቴ የሺ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ናሆምን ሊያጥቡትና ሊያስተኙት ሊወስዱት መጥተው የአጥሩ በር ላይ ቆመዋል።

"ሂቦ!" አለ ገመቹ።

"ሂበካ!"

ከአጠገቤ አንድ ቀጭን ድምፅ አብሮ ያለ መሰለኝ። ዞር አልኩ። ናሆም ቆረቆንዳ እያየ ነው። አልገባኝም።

"ጢም አለው፣ ሽማግሌ አይደለም። ጥርስ አለው፣ አይነክስም። ምንድን ነው?" ገመቹ ጣቱን ወደ ናሆም ዘረጋ። "ያንተ ተራ!"

ልጆቹ ሳቃቸውን አፈኑ። መልሱ በሁላችንም እጅ ነበር። አዴ ዲንቄ እጇን አነሳች፣ ኮሽታው ቆመ። በቆሎ! በቆሎ ነው! ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ ከንፈሬን ነከስኩ።

እናቴ ከበሩ "ተዉት በናታችሁ፣ እሱ አይችልም" አለች።

"ኤጊ ሃዳ ሰላም" አለች አዴ ዲንቄ ዞር ሳትል። "ጠብቂ። ተራው ነው።"

ናሆም ወደኔ አየ። ሁልጊዜ እንደሚያየኝ፣ አፉ እኔ ዘንድ እንዳለ ሁሉ። ጭንቅላቴን ወደ ጉልበቴ ደፋሁ። ዶሮዋ መጥታ ከሸራው ላይ ፍሬ ለቀመች፣ እሽ ያላት የለም። ሁሉም ይጠብቃል። እናቴም፣ ምናልባት ከስንት ጊዜ በኋላ፣ እሱን ትጠብቃለች።

"አላወቅክም?" አለ ገመቹ። "ቢያ ናፍ ኬኒ! አገር ስጠኝ!"

ከዚያ ናሆም፣ ጮክ ሳይል፣ ለዶሮዋ የሚነግራት ይመስል፣

"ማልቆስ" አለ።

"ማርቆስ ገባሁ! በሩንም ዘጋሁ!" ገመቹ ብድግ ብሎ ጨፈረ። ከልጆቹ አንድም የተገረመ አልነበረም። ተራው ወደሚቀጥለው ልጅ ዞረ፣ አዴ ዲንቄ ሌላ በቆሎ አነሳች፣ ኮሽታው ቀጠለ። ነገሩ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ያልገባቸው መሰለኝና ተናደድኩባቸው። እናቴ እዚያው በሩ ላይ መሬት ተቀመጠች። እቴቴ የሺ እልልታዋን አቀለጠችው። ስለቴ ሰመረ ትላለች፣ ገና ጠበል ላልተጠመቀ ልጅ!

እኔም ያጠራቀምኩት ሁሉ ገነፈለ። "እቴቴ፣ ማርቆስ ተዘግቷል! ናሆም ሰጥቶታል! አሁን መሄድ አይችልም፣ አንቺም ስትገቢ ገመቹን አስፈቅጂው፣ አያቴንም ከውስጥ እንዳያስወጣት ንገሪው!" እቴቴ የሺ እኔን ታያለች፣ ናሆምን ታያለች። የትኛችን እንደተፈወስን ግራ ገባት።

በማለዳው አውቶቡስ ብቻዋን ሄደች። ናሆም ቀረ። እናቴ ከዚያ በኋላ ሽንኩርት ስትከትፍ ታናግረው ጀመር፤ ትጠይቀዋለች፣ ቢላዋውን ታቆማለች፣ ትጠብቃለች፣ እንደ አዴ ዲንቄ። ቤታችን ውስጥ ማን አስናገረው የሚለው ክርክር ግን አላለቀም። እቴቴ የሺ ስለቷን ትላለች፣ አባቴ የጤና ጣቢያውን ሰውዬ፣ እናቴ አዴ ዲንቄን። እኔ ደግሞ እስካለፈው ጥር ድረስ በልቤ የማምነው አንድ ነገር ነበር፤ አፌን ዘግቼ ቃል ያተረፍኩለት እኔ ነኝ።

ከሚኒባሱ ወርጄ በቀጥታ የድሮ ሰፈራችን ሄድኩ። አዴ ዲንቄ ካረፈች ቆይቷል። ገመቹ ያንኑ ቤት ወርሶ የእህል ወፍጮ ተክሎበታል፤ ቅንድቡ ሳይቀር በዱቄት ነጥቷል። ማን እንደሆንኩ ስነግረው እጄን ይዞ አልለቅም አለ።

"ሰላም! ያቺ የማትናገረዋ!"

"እኔ?" ሳቅሁ። "የማይናገረው እኮ ናሆም ነበር።"

"ናሆም?" ገመቹ ግራ ተጋብቶ አየኝ። "እሱማ ጠዋት ጠዋት ፋታ አይሰጠንም ነበር። ዶሮዋ የት ሄደች፣ ይሄ ምንድን ነው፣ ያ ምንድን ነው። ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ የራሱ ቋንቋ። እናቴ በሳቅ ትሞት ነበር። አንቺ ከትምህርት ቤት ስትመጪ ነው ዝም የሚለው።"

ወፍጮው እየጮኸ ነበርና በደንብ ያልሰማሁ መስሎኝ እንደገና አስደገምኩት። ያንኑ አለኝ። ገመቹም ያኔ ልጅ ነበር፣ ናሆምን ከሌላ ልጅ ጋር ቀላቅሎት ሊሆን ይችላል። ደግሞ አዴ ዲንቄ "አንቺ ስትሄጂ" ያለችኝን አሰብኩ። ያኔ ምትሃት መስሎኝ ነበር፤ ካደግሁ በኋላ ደግሞ ደግነት መስሎኝ። በግልጽ የነገረችኝ እውነት ሊሆን እንደሚችል አንድም ቀን አላሰብኩም። ለእናቴስ ለምን አልነገረቻትም? ምናልባት ልጅ ማውራቱ እሷ ግቢ ወሬ ስላልሆነ ይሆናል። እኔ እንጃ።

መንገድ ዳር ቆሜ ናሆም ጋ ደወልኩ።

"ናሆምዬ፣ አዴ ዲንቄ ግቢ፣ እኔ ሳልኖር፣ ትናገር ነበር?"

ስልኩ ውስጥ ሩቅ የሰው ድምፅ፣ የመኪና ጥሩምባ ይሰማኛል። "አታስታውስም፣ ልጅ ነበርክ፣ አውቃለሁ" ልለው ቃሉ ምላሴ ላይ ደረሰ። መልሱን እኔው ላቀብለው ነበር፣ እንደ ልማዴ። ከጀርባዬ የገመቹ ወፍጮ ቆመ፤ ጆንያ ሊቀይር ይሆናል። ሰፈሩ በአንዴ ጭር አለ።

ከንፈሬን ነከስኩና ጠበቅሁት። ተራው የሱ ነበር።